ጥይት አልወስድ ያለ አሮጌ ጠመንጃ፦ መጀመሪያ ምን እንይ?

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ከአባት የተወረሰ ጠመንጃ «ጥይት አልወስድ አለ» ሲባል ብዙ ሰው መቀባበያውን በጉልበት ይገፋል። እባካችሁ ተዉት። ጉልበት እርሳሱን ወደ ቀለሃው ይደፍቀዋል፤ ሲተኮስ ግፊቱ ይበረታል፤ ተኳሹንም ይጎዳል።

አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ፤ ጣታችሁን ከምላጩ አርቁ፤ ጥይቱን በሙሉ አውጡ። ከዚያ ችግሩን እንዲህ ለዩ፦

1. መቀባበያው ጥይቱን ሳይነካ ካለፈ፦ የካዝናው ሞላ ደክሟል ወይም የደረቀ ቅባት ይዞታል። ጥረጉትና በጣት ተጫኑት፤ ቶሎ ካልተመለሰ ሞላው ይቀየር።

2. ጥይቱ ግማሽ ገብቶ ከቆመ፦ የበርሜሉ ሥር ቆሽሿል፣ ቀለሃው ተጨፍልቋል ወይም ጥይቱ የዚያ ጠመንጃ አይደለም። የማውዘር 7.92 እና የካርካኖ 6.5 ሚሊ ሜትር አይተካኩም።

3. ባዶው ቀለሃ ሳይወጣ አዲሱ ከመጣበት፦ መቀባበያው እስከ መጨረሻው አልተሳበም ወይም ቀለሃ የሚጎትተው ጥፍር ተበልቷል።

4. ካርካኖ ከሆነ፦ ይህ በ1891 እ.ኤ.አ. የወጣ የጣሊያን ጠመንጃ 6 ጥይት ከሚያቅፈው ቆርቆሮ ጋር ነው የሚጎርሰው። ቆርቆሮው ከጠፋ ወይም ከንፈሩ ከጎበጠ ካዝናው አይሠራም፤ ጠመንጃው ግን ደህና ነው።

የተቀረቀረ ጥይት በመዶሻም በብረትም አይመታ። አፈሙዙን እንዳዞራችሁ ባለሙያ ጥሩ።