ቀን ጾም፣ ማታ ድግስ

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ብዙ አልበላም!» አልኩ፣ ለራሴ ጥብቅና ቆሜ። የምርመራ ውጤቴ ጠረጴዛው ላይ ነው። ምግብ ሳልቀምስ የተለካው የደም ስኳሬ 118 ይላል። በዚህ ልኬት ከ100 እስከ 125 ያለው ገና የስኳር በሽታ ባይባልም፣ መንገዱ ወደዚያው እንደሚወስድ ሐኪሟ ነገረችኝ። ዕድሜዋ ከልጄ አይበልጥም፤ አልተከራከረችኝም። «ጋሼ፣ እስቲ ለሦስት ቀን የቀመሱትን ሁሉ ጽፈው ያምጡልኝ» ብላ አሰናበተችኝ።

ሕግ የተማረ ሰው የጽሑፍ ማስረጃ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። በሦስተኛው ቀን የገዛ እጅ ጽሑፌ መሰከረብኝ። ቁርስ የለም። ረፋድ ላይ ማኪያቶና ቦምቦሊኖ። ምሳ በስብሰባ ምክንያት ታልፏል፣ አለዚያም በአንድ ሳምቡሳ ተሸኝቷል። ከሰዓት በኋላ ሻይ፣ እንደገና ሻይ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ቤት ገብቶ ሁለት እንጀራ በወጥ ጥርግ፣ ከዚያ እንቅልፍ። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ማለት ይኼኔ ነው።

የብዙው ቢሮ ሠራተኛ ውሎ ከዚህ የሚለይ አይመስለኝም። ችግሩ ሆዳምነት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ስንገፋው የዋልነውን ረሃብ ማታ ዳኛ አድርገን እንሾመዋለን። የራበው ሰው ደግሞ ልክ አያውቅም፤ መጥገቡን የሚረዳው ካለፈ በኋላ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 16 ካሎሪ ይሰጣል። በቀን አምስት ስኒ ሻይና ቡና በሁለት ሁለት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው 40 ግራም ስኳር፣ ማለትም 160 ካሎሪ ምግብ ሳይነካ ወስዷል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ ይህ ትርፍ በወረቀት ሲሰላ በዓመት ከ7 ኪሎ በላይ ይሆናል። ሰውነት ራሱን ስለሚያስተካክል በተግባር ከዚያ ያነሰ ቢጨምርም አቅጣጫው ግን አይለወጥም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው 50 እና 25 ግራም ማለት ነው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ዘይት ነው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲሰጥ፣ አንድ ግራም ስኳር፣ ስታርች ወይም ፕሮቲን 4 ይሰጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል ነው። ሽሮና ምስር በራሳቸው ጥፋት የለባቸውም። ዘይቱ ከላይ እስኪንሳፈፍ ሲቁላሉ ግን የጾም ምግብም ያወፍራል። እንጀራንም መወንጀል አይገባም፤ ጤፍ አሰር ያለው እህል ነው። ጥያቄው ስንት እንጀራ፣ በስንት ሰዓት የሚለው ነው።

ታዲያ ጊዜ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? እኔ የያዝኩት እነሆ። ከቤት ሳልወጣ ቅንጬ ወይም እንቁላል እበላለሁ፤ ከተቻኮልኩ በሶ በጥብጬ እጠጣለሁ። በቦርሳዬ አንድ እፍኝ የሽምብራ ቆሎ አይጠፋም፤ ቦምቦሊኖውን የሚያስረሳው እሱ ነው። ምሳ አላሳልፍም። በያይነቱ ሳዝ ጎመኑና ሰላጣው እንዲበዛ፣ እንጀራው አንድ ብቻ እንዲሆን እናገራለሁ። ስኳሩን በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀነስኩ፤ ምላስ ቶሎ ይለምዳል። እሑድ ዘይቱ የተመጠነ ወጥ ተሠርቶ ማቀዝቀዣ ስለሚገባ፣ ማታ የሚቀርበው የምሳዬን ግማሽ ያህል ነው። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ በእግሬ እገባለሁ። ከባዱ ነገር ጉርሻ ነው። እሱን እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ እቀበላለሁ፤ ግን ከራሴ ድርሻ እቀንሳለሁ።

ይህ ሁሉ ለውበት ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ተካሂዶ በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመ ትልቅ ጥናት፣ ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ ግብ ይዘው ሲሠሩ፣ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። ለ80 ኪሎ ሰው 7 በመቶ ማለት ከ6 ኪሎ እንኳ አይሞላም። በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ከቀነሰ በቂ ነው፤ «በአሥር ቀን አሥር ኪሎ» የሚል ማስታወቂያ አይመኑ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን አመጋገቡን ከመለወጡ ወይም ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ የደም ስኳር ከልክ በላይ መውረዱም አደገኛ ነውና።

ሕግ የሚወጣው ጥፋቱ ከመፈጸሙ በፊት ነው። የሆድም ነገር እንዲሁ ነው። ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ ድካምና ረሃብ ተባብረው ሲመጡ የሚወሰን ውሳኔ ፍትሐዊ አይሆንም። ስለ እራታችን ጠዋት፣ ሳይርበን እንወስን። በስምንተኛው ወር ተመልሼ ስለካ 97 ነበር። ሐኪሟ ወረቀቱን አይታ ፈገግ አለችና «ጋሼ፣ ይግባኝ አይጠይቁበትም አይደል?» አለችኝ።