አባባ «አቤት» ሲሉ፦ መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት ምን እናጣራለን?

(የፖድካስቱ ክፍል በጽሑፍ)

ዛሬ የምናወራው ስለ መድኃኒት ነው። እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፤ አሁን በአንድ ሆስፒታል በውስጥ ደዌ ማሕላካ ስታዥ ላይ ነኝ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ነርስ አይደላችሁም፤ ግን ቤት ውስጥ የአያታችሁን ኪኒን የምታዘጋጁት እናንተው ናችሁ። ስለዚህ ይኼ ክፍል የሁላችንም ነው።

አንድ የደረሰብኝን ነገር ልንገራችሁ። አንድ ቀን የጠዋት መድኃኒት ይዤ ገባሁ። ማሕላካው ውስጥ ሁለት የኛ አባቶች ተኝተዋል፤ የቤተሰብ ስማቸው አንድ ነው። በር አጠገብ ያሉትን «አባባ፣ እርስዎ እገሌ ነዎት?» አልኳቸው። «አቤት» አሉኝ። ኪኒኑን ላቀብላቸው ስል አስተማሪዬ እጄን ያዘችኝ። «የእጅ መለያቸውን አይተሻል?» አላየሁም። ስናየው የመታወቂያ ቁጥሩ የሌላ ሰው ነው። መድኃኒቱ የታዘዘው በሚቀጥለው ክፍል ላሉት አባት ነበር።

በኋላ ተመልሼ «አባባ፣ ለምን አቤት አሉኝ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ሰው ሲጠራኝ ሌላ ምን ልበል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ የኔ አጠያየቅ ነበር።

ትምህርት ቤት መጀመሪያ የምንማረው አምስቱን ትክክሎች ነው፦ ትክክለኛ ሰው፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መንገድ (በአፍ ነው፣ በመርፌ ነው?)፣ ትክክለኛ ሰዓት። ከሰጠን በኋላ መመዝገብም አለ። ሲሰማ ቀላል ነው። የኛን ሽማግሌዎች ስታክሙ ግን የመጀመሪያው ራሱ ከባድ ነው።

ለምን? ብዙዎቹ ወደ ኢስራኤል ሲገቡ ስማቸው ተቀይሯል። ወረቀት ላይ ያለው ስም አንድ ነው፣ ጎረቤት የሚጠራቸው ሌላ። የልደት ቀናቸውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሲገቡ በግምት የተጻፈ ነው፤ ብትጠይቋቸው ላያስታውሱት ይችላሉ። ስለዚህ ሁለት ነገር ይያዙ። አንደኛ፣ «እገሌ ነዎት?» ሳይሆን «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለዚህ «አቤት» ተብሎ አይመለስም። ሁለተኛ፣ የእጅ መለያው ላይ ያለውን የቴውዳት ዜሁት ቁጥር ከትእዛዙ ጋር አስተያዩ። የክፍል ቁጥርና የአልጋ ቁጥር ማንነት አይደለም፤ ሰው ከአልጋ አልጋ ይዛወራል።

አሁን ወደ ትክክለኛው ሰውዬ ሄድን። አልጨረስንም። መድኃኒቱ ዲጎክሲን ነው፤ የልብ ምትን ያዘገያል። አዋቂ ሰው ላይ ከመስጠታችን በፊት ደረት ላይ በማዳመጫ ሙሉ አንድ ደቂቃ ምቱን እንቆጥራለን። ከ60 በታች ከሆነ አይሰጥም፤ ሐኪም ይጠራል። «እንዴት ነዎት አባባ?» አልኳቸው። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ቆጠርኩ፤ 52 ሆነ።

ያን ጊዜ አስተማሪዬ ጥያቄውን እንድቀይር ነገረችኝ። «ትላንት ምግብ በሉ? ሽንት ቤት ሲሄዱ እንዴት ነበሩ?» ስላቸው «እህሉስ አልገባልኝም፤ ስነሳ ትንሽ አዞረኝ» አሉ። ምግብ መጥላት፣ ማቅለሽለሽ፣ አንዳንዴም ነገር ቢጫ ሆኖ መታየት ዲጎክሲን በደም ውስጥ መብዛቱን ሊያመለክት ይችላል። ሐኪሙ መድኃኒቱን አቆየና የዲጎክሲንና የፖታሲየም መጠን እንዲታይ ደም አዘዘ። አያችሁ፣ «ደህና ነኝ» ሰላምታ ነው። የጤና ሁኔታ የሚገኘው ከዚያ በኋላ ከሚመጣው ጥያቄ ነው።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። ኢንሱሊን ከመስጠት በፊት ስኳር ይለካል፤ ምግብ መብላታቸውም ይጠየቃል። የግፊት መድኃኒት ከመስጠት በፊት ግፊት ይለካል። አያታችሁ ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን እየወሰዱ ለዮም ኪፑር ወይም ለስግድ መጾም ከፈለጉ፣ ከጾሙ በፊት ከሐኪም ጋር መነጋገር አለባቸው።

ቋንቋም አለ። «ልቤን ያቃጥለኛል» ስንል ብዙ ጊዜ የጨጓራ ነገር ነው። በዕብራይስጥ ቃል በቃል ከተተረጎመ ግን ልብ ሆኖ ቁጭ ይላል። ደግሞ በተቃራኒው፣ እውነተኛ የልብ ሕመም «ጨጓራ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ስለዚህ ስትተረጉሙ አትወስኑ። የት እንደሆነ በጣታቸው ያሳዩ፤ መቼ ጀመረ፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ይሄዳል ወይ፣ ብላችሁ ጠይቁ። ደረት ላይ ከሆነ ወዲያው ለሠራተኛ ንገሩ።

ቆዳችንም የራሱ ትኩረት ይፈልጋል። ኦክስጅን ሲያንስ የሚመጣው መጥቆር በጥቁር ቆዳ ላይ በቀላሉ አይታይም፤ ድድን፣ የከንፈርን ውስጥና መዳፍን እናያለን። ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያም ሊሳሳት ይችላል፤ በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት መሣሪያው የኦክስጅን እጥረትን ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ በጥቁር ሕሙማን ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሰውዬው እየተነፈሰ የሚደክም ከሆነ፣ ሰውዬውን እመኑ። ብዙ በተኛ ሰው ላይ ደግሞ የቁስል መጀመሪያ ቅላት ላይታይ ይችላል፤ በእጅ ዳሱት፣ ሙቀትና ጥንካሬ ይሰማል።

አሁን ወደ ቤት። የአያታችሁን የመድኃኒት ከረጢት ክፈቱና ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ አውጡ። አካሞልና ደክሲሞል ሁለት ሳጥን ናቸው፣ ውስጣቸው ግን አንድ ነው፤ ፓራሲታሞል። ሁለቱንም አብሮ መውሰድ መጠኑን እጥፍ ማድረግ ነው፤ ከልክ ካለፈ ጉበት ይጎዳል። ኩማዲን የሚወስድ ሰው ደግሞ አስፒሪን በራሱ አይጨምርም፤ ደም ሊፈስ ይችላል። ዳማከሴም ሆነ ጤና አዳም የሚጠጡ ከሆነ ሳትሳቁ ጠይቁ፣ ለነርሷም ንገሩ። ከተሳቀባቸው ሌላ ጊዜ አይነግሯችሁም። ቀስ ብሎ እንዲለቅ የተሠራ ኪኒንም አይፈጭም፤ መዋጥ ካቃታቸው በኩፓት ሆሊም ያለውን ፋርማሲስት ጠይቁ።

ነርስ ገለጻ ከሰጠች በኋላ «ገባዎት?» አትበሉ፤ መልሱ «እሺ» ነው። «እስቲ ነገ ጠዋት የትኛውን እንደሚወስዱ ያሳዩኝ» በሉ። ካልገባችሁ ደግሞ አስተርጓሚ ጠይቁ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ለቋንቋ አገልግሎት ኃላፊነት አለባቸው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለአያቱ ከባድ ምርመራ እንዲያስተረጉም መደረግ የለበትም። ብዙዎቻችን ያንን ልጅ ነበርን።

እኒያ በር አጠገብ የነበሩት አባት ከሆስፒታል ወጥተዋል። ሲወጡ «ልጄ፣ ዛሬ ስሜን አልጠየቅሽኝም» ብለው ቀለዱብኝ። ጠየቅኳቸው። ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ነገሩኝ።

ለዛሬ ይኼው ነው። በዚህ ሳምንት ያቺን ከረጢት ክፈቱ። ቸር ያገናኘን።