ለገበያ ሳይወጣ ስለ ቀረው አውቶሞቢልና ስለ ሠራተኞቹ

ታላቅ ሥራ መጀመር ያስመሰግናል፤ አልሳካ ያለውንም ሥራ በጊዜ ማቆም ከብልህነት ይቈጠራል። ነገር ግን አሳቢው ሌላ፥ ሠሪው ሌላ በሆነ ጊዜ፥ አሳቡ ሲለወጥ ዕዳው በማን ላይ እንደሚወድቅ መመርመር ይገባል።

አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በስልክና በኮምፒዩተር ሥራ ስሙ የታወቀ ነው። ይህ ኩባንያ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ዓመት በኤሌክትሪክ የሚሄድ አውቶሞቢል ለመሥራት በምሥጢር ተነሣ፤ ሥራውንም «ታይታን» ብሎ ሰየመው። ከጊዜ በኋላም ነጂ የማያስፈልገው፥ መሪና ፔዳል የሌለው አውቶሞቢል ለማውጣት ታሰበ። ይሁን እንጂ አሳቡ ሲሰፋና ሲጠብ፥ አለቃውም ሲለዋወጥ ዐሥር ዓመት አለፈ። በ2016 ቦብ ማንስፊልድ፥ በ2018 ዳግ ፊልድ ሥራውን ያዙ፤ በ2021 ዓመት ዳግ ፊልድ ወደ ፎርድ ኩባንያ ስለ ሄዱ ኬቨን ሊንች ተተኩ። አዲስ አለቃ በመጣ ቍጥር የቀድሞው ድካም እንደገና ይመዘን ነበር ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በ2024 ዓመት በፌብሩዋሪ 27 ቀን ወደ 2000 ለሚጠጉት ሠራተኞች ሥራው መቆሙ ተነገራቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ክፍል እንዲዛወሩ ታዘዘ። የኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለውን ዝውውር ይችለዋል፤ የአውቶሞቢልን አካል ሲነድፍና ሲያበጅ የኖረው ግን እጁ የለመደው ሥራ በዚያ ቤት ከእንግዲህ አይገኝም።

በ1988 ዓመት የወጣው የአሜሪካ ሕግ፥ ትልቅ ኩባንያ ብዙ ሠራተኞችን ባንድ ጊዜ ሲያሰናብት 60 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ያዛል። ስለዚህ አፕል 614 ሠራተኞች በሜይ 27 ቀን እንደሚሰናበቱ ለካሊፎርኒያ መንግሥት አስታወቀ። የሚበዙት አውቶሞቢሉ ይታሰብባቸው በነበሩት ሕንፃዎች የሚሠሩ ነበሩ። በወረቀቱ ላይ የሕንፃው አድራሻና የተሰናባቾቹ ቍጥር ሠፍሯል፤ ስለ አውቶሞቢሉ ግን አንድ ቃል አልተጻፈም። ኩባንያው ለሕዝብ አንድ ቀን እንኳ አሳይቶት አያውቅም።

ሜታ በ2022 ከ11000 በላይ፥ ጉግል በ2023 ወደ 12000 ሠራተኞችን ሲቀንሱ አፕል እንዲህ ካለው ነገር ርቆ ቆይቶ ነበር፤ ስለዚህ 614 የሚለው ቍጥር ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ምሥጢር ለመጠበቅ የፈረመ ኢንጂነር ወደ ሌላ ቀጣሪ ሲሄድ፥ ምን ሠራህ ተብሎ ቢጠየቅ የጕልማሳነት ዘመኑን ፍሬ ዘርዝሮ ለማሳየት አይችልም። በሥራ ፈቃድ ከውጭ አገር ለመጣው ደግሞ ጭንቀቱ እጥፍ ነው። የአገሩ ደንብ ሥራው ካበቃ በኋላ ቢበዛ 60 ቀን ይሰጠዋል፤ በዚህ ውስጥ ሌላ ቀጣሪ ወይም ሌላ ፈቃድ ለማግኘት ካልቻለ ቤቱን ዘግቶ፥ ልጆቹንም ከትምህርት ቤት አውጥቶ መሄድ ግድ ይሆንበታል።