የሥጋ ዶሮ መቼ ትጠግባለች?

ናይሮቢን የሚያዋስነው ኪያምቡ በኬንያ የሥጋ ዶሮ በብዛት ከሚረባባቸው ካውንቲዎች አንዱ ነው። ለእኛ ቢሾፍቱ እንደሆነችው ማለት ነው። ዶሮ ቤት የምትገባው የአንድ ቀን ጫጩት 40 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ በደንብ ከተያዘች በ6 ሳምንት ከ2 ኪሎ ታልፋለች። ከአርቢው ወጪ አብዛኛውን የሚወስደው መኖ ነው። ለዚህም ነው ገዢው ከረጢቱ ላይ ቀድሞ የፕሮቲኑን መጠን የሚያየው። ያ ቁጥር ብቻውን ግን ያሳስታል።

ዶሮ በአብዛኛው የምትበላው የጉልበት ፍላጎቷ እስኪሞላ ነው። በቆሎና ዘይት የበዛበት መኖ ቶሎ ያጠግባታል፤ የምትበላው ሲያንስ የምታገኘው ፕሮቲንም አብሮ ያንሳል። ጡንቻ ሊሆን ያልቻለው ጉልበት ወደ ስብ ይለወጣል። እንዲህ ያደገች ዶሮ ስትታረድ ከሆዷ ቢጫ ሞራ ይዛቃል፣ ደረቷ ግን ሳስቷል። ፕሮቲኑ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሰውነቷ ትርፉን ማከማቸት ስለማይችል በዩሪክ አሲድ መልክ ታስወግደዋለች፤ ለዚህም ጉልበት ታባክናለች። ውሃ ታበዛለች፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ አሞኒያው ዓይን ያቃጥላል፣ የእግሯ መዳፍ ይቆስላል። በውድ የተገዛው አኩሪ አተር ጉዝጓዝ ላይ ተደፋ ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለቱ የሚለኩት አንድ ላይ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ በኪሎ መኖ 3,200 ኪሎ ካሎሪ ይዞ፣ ፕሮቲኑን ለመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት 23 በመቶ ያደርገዋል፤ ከዚያ ወደ 20፣ ከ6 ሳምንት በኋላ ወደ 18 ያወርደዋል።

የፕሮቲኑ ዓይነትም ይለያል። ዶሮዋ የምትፈልገው በተለይ ሜቲዮኒንና ሊዚን የተባሉትን አሚኖ አሲዶች ነው። የእኛ ኑግ ፋጉሎ ፕሮቲን ሞልቶት ሊዚን ይጎድለዋል፣ አሰሩም ይበዛል፤ አኩሪ አተርን ሙሉ በሙሉ ሊተካ አይችልም። ኬንያውያን ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣውን ኦሜና የተባለ ትንሽ ዓሣ አድርቀው ይጨምራሉ። አሸዋ ካልተቀላቀለበት በጣም ጥሩ መኖ ነው።

ለእኔ ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚገባው ግን ከፍታ ነው። ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ቢሾፍቱ ከዚያ ከፍ ትላለች፣ አዲስ አበባማ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። አየሩ ሲሳሳ፣ ጉልበት በበዛበት መኖ የምትፈጥን ዶሮ ልቧና ሳንባዋ እድገቷን መከተል ያቅታቸዋል። አናቷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ይጠቁራል፣ ሆዷ ውሃ ይቋጥራል፣ ለገበያ ሳትደርስ ትሞታለች። ይህን ለመቀነስ ገና በጠዋቱ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ መኖውን በመጠን መስጠት ወይም በእንክብል ፈንታ ዱቄቱን ማቅረብ ይረዳል። ለሽያጭ በጥቂት ቀናት ብትዘገይም፣ በደጋ የሚያረባ ሰው ይህን መዘግየት ቢቀበለው ይሻለዋል።