ለባለጥፍር እንቁራሪት ገንዳ የሚስማማ የውኃ ማጣሪያ

በሳይንሳዊ ስሙ ዜኖፐስ ሌቪስ የሚባለው ባለጥፍር እንቁራሪት የደቡባዊ አፍሪካ እንስሳ ሲሆን፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለእርግዝና ምርመራ ሲባል ወደ ብዙ አገሮች ቤተ ሙከራዎች ከተወሰደ በኋላ በቤት ውስጥ ገንዳም ይረባ ጀመር፤ የቅርብ ዘመዱ ዜኖፐስ ክሊቪ ደግሞ በኢትዮጵያና በኤርትራ ይገኛል። ይህ እንቁራሪት ዕድሜውን ሙሉ በውኃ ውስጥ የሚያሳልፍ ቢሆንም የሚተነፍሰው በሳንባ ስለሆነ፣ ለዓሣ የተሠራ ማጣሪያ ሁሉ ለእርሱ ይበጃል ማለት አይደለም።

ማጣሪያን ቆሻሻ እንደሚይዝ ወንፊት ብቻ ማየት የተለመደ ነው፤ ዋናው ተግባሩ ግን ባክቴሪያ ማኖር ነው። እንቁራሪቱ ከሰውነቱ የሚያስወግደው አሞኒያ መርዛማ ሲሆን፣ በስፖንጁ ላይ የሰፈሩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬቱም ውኃውን በከፊል በየጊዜው በመቀየር ይቀነሳል። ባክቴሪያዎቹ በአዲስ ማጣሪያ ላይ በበቂ መጠን እስኪራቡ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ስለሚፈጅባቸው፣ እንስሳውን ከዚያ በፊት ገንዳው ውስጥ ማስገባት ለመርዝ አሳልፎ እንደመስጠት ይቆጠራል።

በምርጫው ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው የውኃው ፍሰት ነው። በእንቁራሪቱ ጎኖች ላይ እንደ ስፌት ተደርድረው የሚታዩት ነጠብጣቦች የውኃን እንቅስቃሴ የሚለዩ የስሜት ሕዋሳት ናቸው፤ እንስሳው ምግቡንም አደጋውንም በእነርሱ ስለሚያውቅ፣ ብርቱ ፍሰት ያለማቋረጥ ሲመታው ይጨነቃል። ስለዚህ ለአነስተኛ ገንዳ የሚመረጠው የስፖንጅ ማጣሪያ ነው፤ የአየር ፓምፕ በቀጭን ቱቦ የሚልከው አየር በአረፋ መልክ ወደ ላይ ሲወጣ ውኃውን በስፖንጁ ውስጥ ቀስ ብሎ ይስበዋል። ብዙ የሚበሉና ብዙ የሚያቆሽሹ ትልልቅ እንቁራሪቶች ላሉበት ሰፊ ገንዳ ከገንዳው ውጭ የሚቀመጥ ማጣሪያ የተሻለ አቅም አለው፤ ሆኖም ውኃው የሚመለስበት አፍ ወደ መስታወቱ ግድግዳ ሊዞር፣ የሚሳብበትም በስፖንጅ ሊሸፈን ይገባል። ቱቦዎቹ የሚያልፉበት የክዳን ቀዳዳም በጥብቅ መደፈን አለበት፤ ባለጥፍር እንቁራሪት ጠባብ ክፍተት ካገኘ ሾልኮ ይወጣል፣ ከውኃ ውጭም ቆዳው ደርቆ ይሞታል።

ስፖንጁ ሲደፈን የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ነው፤ በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ባክቴሪያዎቹን ይገድላልና።