ምሳችንን ስንቅ እናድርገው

በዚህ እትም ፈተናውንና ሰዋስውን ለጊዜው ትተን ስለ ምሳ እናውራ። "ምሳ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?" የሚል አይጠፋም። ይሁንና እዚህ ካኩማ ስናስተምር ደጋግመን ያየነው ነገር አለ። ከሰዓት በኋላ ያለው ክፍል ከጠዋቱ ይልቅ ይሳሳል። ለምሳ ቤቱ የሄደው ተማሪ ማገዶ ፈልጎ፣ እሳት አቀጣጥሎ፣ ምግቡ እስኪበስልለት ደወሉ ይደወላል። በተለይ ሴቶቹ ልጆች ለቤተሰቡ ሁሉ ማብሰል ስለሚጠበቅባቸው ሄደው ይቀራሉ። ያልሄደው ደግሞ በባዶ ሆዱ ተቀምጦ ያንቀላፋል። እኛም አስተማሪዎቹ ብንሆን ከዚህ አንሻልም፤ በኢንሴንቲቭ በየቀኑ ሻይ ቤት መብላት አይቻልማ!

ታዲያ ምን ይሻላል? መልሱን ከአያቶቻችን ነው ያገኘነው፤ ስንቅ ነው። ነጋዴውም ዘማቹም በየመንገዱ ምድጃ አልተከለም። "የቆሎ ተማሪ" የሚለው አጠራርም ይህንኑ ያስታውሰናል። ስንቅ ማለት አንድ ጊዜ በእሳት አልፎ፣ ደርቆ የሚቀመጥና በሚበላበት ሰዓት እሳት የማይፈልግ ምግብ ነው።

ለምን ደረቅ?

አንድ ባልደረባችን ጠዋት የተቀቀለ ሩዝ በላስቲክ ዕቃ ይዞ መጣና ሰባት ሰዓት ላይ በላው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ያስመልሰው ጀመር፤ በማግስቱም ከክፍል ቀረ። ነገሩ እንዲህ ነው። የበሰለ እርጥብ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲቆይ ጀርም በፍጥነት ይራባበታል። የዓለም ጤና ድርጅትም የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጪ እንዳይቆይ ይመክራል። በካኩማ ሙቀት ደግሞ ከዚያም ማሳጠር ነው። በሩዝ ላይ የሚገኝ አንድ ዓይነት ጀርም የሚያመነጨው መርዝ ምግቡ እንደገና ቢሞቅ እንኳ አይጠፋም። ደረቅ ምግብ ላይ ግን ጀርም ውሃ ስለማያገኝ አይራባም። ስለዚህ ደንባችን አንድ ነው፦ ደረቁን ደረቅ እንደሆነ እንያዝ፤ ውሃውን በምንበላበት ሰዓት እንጨምር።

አራት የምሳ ዓይነቶች

1. በሶ። ገብሱ ታጥቦና ተቆልቶ፣ ተፈትጎ፣ ከዚያ ይፈጫል። አንድ ብርጭቆ በሶ ከትንሽ ጨው ጋር በላስቲክ ቋጥሮ መምጣት ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ውሃ ጠብ እያደረጉ አሽቶ ጭብጦ ማድረግ፣ ወይም በስኳር መበጥበጥ ይቻላል። ገብስ ከተወደደ ስንዴ ወይም ማሽላ ቆልቶ ማስፈጨት ይቻላል። ልብ በሉ! ያልተቆላ የበቆሎ ወይም የማሽላ ዱቄት በውሃ ቢበጠበጥ በሶ አይሆንም፤ ሆድ ያማል።

2. ቆሎ ከለውዝ ጋር። ገብስ ወይም ስንዴ፣ ሽምብራ ወይም አተር፣ ከተገኘም ጥቂት ለውዝ። እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ በፕሮቲን በኩል አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ሁለት እፍኝ ቆሎና አንድ ሙዝ ወይም ጥቂት ተምር እስከ ማታ ያቆያል።

3. ድርቆሽ። የተረፈውን እንጀራ ሳይሻግት ቆራርጦ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ማድረቅና ዝንብ እንዳያርፍበት መሸፈን ነው። ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ግን ሳይቆረጥ እንያዝ። ምሳ ሰዓት ላይ አጥቦ፣ ቆራርጦ፣ በዘይትና በጥቂት በርበሬ ከድርቆሹ ጋር መፈትፈት ነው። ውሃ ትንሽ ጠብ ይደረግበትና አምስት ደቂቃ ይቆይ።

4. አሹቅ። ባቄላ ተቆልቶ ማታ ይነከራል፤ ጠዋት ውሃው ተደፍቶ በጨው ይበላል። ይሄኛው እርጥብ ስለሆነ ለቁርስ ወይም ለመጀመሪያው ዕረፍት እንጂ እስከ ሰባት ሰዓት አናቆየው።

የምንጠነቀቅባቸው

የሻገተ እህል፣ ለውዝ ወይም እንጀራ ቢቆላም ቢደርቅም አይድንም። እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ በሻገተ በቆሎ ምክንያት በአፍላቶክሲን መርዝ 317 ሰዎች ታመው 125 ሞተዋል። ስለዚህ ቀለሙ የተለወጠውን ወይም የሚመረውን ለቅመን እንጣል፤ "ይባክናል" አንበል።

ቦሎቄ ተነክሮ ብቻ አይበላም። ቀዩ ቦሎቄ በተለይ የራሱ መርዝ አለው። የተነከረበትን ውሃ ደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ አንተክትኮ፣ እስኪለሰልስ መቀቀል የግድ ነው።

ለበሶና ለድርቆሽ የምንጨምረው ውሃ ክዳን ካለው ንጹሕ ጀሪካን የተቀዳ ይሁን። እጅም በሳሙና ይታጠብ፤ ጭብጦ በእጅ ነውና የሚታሸው።

ሻይ የሚወድ ሰው ከምሳ በኋላ አንድ ሰዓት ቢታገሥ ይመረጣል። ሻይ ከእህሉ የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን እንዳይወስድ ያግዳል። ቲማቲምና ሎሚ ግን ብረቱን እንድናገኝ ይረዳሉ።

እንዴት እንጀምር?

እኛ የጀመርነው አምስት ሆነን ነው። አንዱ ገብስ፣ አንዱ ሽምብራ፣ አንዱ ማገዶ ያመጣል። ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ ምድጃ ላይ ሁሉንም እንቆላለን፤ የሚፈጨውን ወፍጮ ቤት እናደርሳለን። ለየብቻ አምስት ጊዜ ይነድድ የነበረው እሳት አንድ ሆነ። ወንዶቹም እንቆላለን፤ መጀመሪያ ተሳቀብን፣ አሁን ግን ጎረቤቶቻችን ለመዱት። ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም የያዘውን አንድ ትሪ ላይ ያፈስሳል። ስንቅ ያልያዘም ሳያፍር ይቀርባል። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል" ይባል የለ!

እውነቱን ለመናገር፣ ስንቅ የራሽን ጉድለትን አይሞላም። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባምባ ቻኩላ ተጀምሮ የራሽኑ ከፊል በስልክ በሚላክ ገንዘብ ሲተካ ለመምረጥ ጥቂት ዕድል አገኘን። ከዚያ በኋላ ግን ራሽን በተደጋጋሚ ሲቀነስ አይተናል። ቤት ውስጥ ጭራሽ እህል ለሌለው ተማሪ "ስንቅ ያዝ" ማለት ቀልድ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ልጅ ያወቀ አስተማሪ በሰው ፊት ሳይጠይቀው ለብቻው ያናግረው፤ ከትሪውም ያቅርበው።

ያለችንን ጥቂት እህል ግን በእሳትና በመንገድ ከምናባክናት ስንቅ ብናደርጋት ይሻላል። በእኛ ክፍል ከምሳ በኋላ የሚመለሱት ሴቶች ልጆች በዝተዋል፤ ለእኛ ትልቁ ውጤት ይህ ነው። እናንተስ በምን ዘዴ ምሳችሁን ታደርጋላችሁ? ጻፉልንና ለሌሎች እናካፍል። እስከሚቀጥለው እትም ደህና ሁኑ!