ቸነፈር የከፋፈላት ከተማ

ከ1347 እስከ 1353 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አውሮፓን ያዳረሰው ቸነፈር ከሕዝቡ ቢያንስ ሲሶውን ጨረሰ። የበሽታውን ምንጭ የሚያውቅ ስላልነበረ ጥፋተኛ ተፈለገለት። በብዙ ከተሞች አይሁድ የውኃ ጉድጓድ መርዘዋል ተብለው ተወነጀሉ፤ በስትራስቡርግ በየካቲት 1349 በመቶ የሚቆጠሩት ከነሕይወታቸው ተቃጠሉ። ከዚያ ዘመን ሁለት ነገሮች ለኋለኛው ዓለም ቀሩ። አንዱ ወሸባ ነው፤ ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው ራጉሳ ቸነፈር ካለበት አገር የሚመጣ ሁሉ 30 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ በ1377 ደነገገች። ሌላው በሽታን የአንድ ወገን ሰዎች ነውር አድርጎ የማየት ልማድ ነው። ወሸባ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ልማዱ ያደረሰው ጉዳት ግን ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በናይሮቢ መልክ ላይ ጭምር ታየ።

በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ቸነፈር ከቻይና ተነሥቶ በመርከብ ዓለምን ዞረ። በ1894 ሆንግ ኮንግ ላይ አሌክሳንደር የርሲን ተሐዋሲውን ለየ፤ በ1896 በሽታው ቦምቤይ ገባ፤ በ1898 ፖል ሉዊ ሲሞን ካራቺ ላይ ከአይጥ ወደ ሰው የምታሻግረው ቁንጫ መሆኗን አሳየ። የሲሞን ግኝት በሐኪሞች ዘንድ እስኪታመንበት ግን ዓመታት አለፉ።

ናይሮቢ የተቆረቆረችው በዚሁ ጊዜ ነው። ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1899 ረግረጋማው ሜዳ ላይ ሲደርስ ለባቡር ሠራተኞች ሰፈር ተሠራ፤ ከጎኑም የሕንዶች ባዛር በቀለ። ባዛሩ የቆርቆሮና የእንጨት ሱቆች የተደራረቡበት ነበር። ሰው የሚያድረው ከሸቀጡ ጋር ነው፤ እህል ባለበት ደግሞ አይጥ አይጠፋም። ቸነፈር በ1902 ሲገባ የጤና ሹሞቹ የወሰዱት እርምጃ ባዛሩን ማቃጠል ነበር። የነጋዴው ሱቅም መኖሪያም አብሮ ነደደ።

እሳቱ የከተማዋን ችግር አልፈታውም። ረግረጉ አልደረቀም፤ የቆሻሻ ውኃ መውረጃም በቅጡ አልተሠራም። በሽታው በተመለሰ ቁጥር ሐኪሞች ከተማዋ ጭራሽ ወደ ሌላ ቦታ ትዛወር ብለው ወተወቱ፤ ብዙ ገንዘብ ፈሶባታልና ሰሚ አላገኙም። በዚህ መሐል ጥያቄው ከመሬቱ ወደ ሰዎቹ ዞረ። መንግሥት ሊሠራው የሚገባውን መውረጃ ሳይሠራ የቀረበት ጥፋት በሕንዶች የአኗኗር ልማድ ተላከከ። ይህ ግፍ ነበር፤ ያውም በሳይንስ ስም።

በ1913 አገሩን በቅኝ ይገዛ የነበረው የለንደን መንግሥት የቀድሞውን የካልካታ የጤና ሹም ፕሮፌሰር ዊልያም ሲምፕሰንን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ላከ። ሲምፕሰን ለአውሮፓውያን፣ ለእስያውያንና ለአፍሪካውያን የተለያየ የመኖሪያ ሰፈር እንዲከለልና በመካከላቸው ሰው የማይሰፍርበት ክፍት ቦታ እንዲተው መከረ። ቁንጫና አይጥ ግን የቆዳ ቀለም አይለዩም። ምክሩን ነጭ ሰፋሪዎች በደስታ ተቀበሉት፤ ከበሽታው ይልቅ የሕንዶች ንግድና የመሬት ግዢ ያሳስባቸው ነበርና።

የለንደን መንግሥት በከተማ ሰፈርን በዘር መለየትን በ1923 በይፋ ቢተውም፣ በመሬት ይዞታ ሰነዶች ውስጥ ገዢውን በዘር የሚገድቡ ውሎች ቀሩ። አውሮፓውያን በምዕራብና በሰሜን ባሉት ዛፋም ኮረብታዎች ሰፊ ግቢ ያዙ። አፍሪካውያን በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከተመሠረተችው ፑምዋኒ አንሥቶ በምሥራቁ ሜዳ ተጠጋግተው እንዲኖሩ ተደረገ። እስያውያን በፓርክላንድስና በፓንጋኒ ሰፈሩ፤ ቁጥራቸው ሲጨምር ደግሞ ወደ ደቡብ፣ ሳውዝ ቢና ሳውዝ ሲ ወደሚባሉት ሰፈሮች ወረዱ።

ሳውዝ ሲ የዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ጎረቤት ነው። ኬንያ በታኅሣሥ 1963 ነጻ ከወጣች በኋላ ሰፈሩ ተቀይጧል፤ ዛሬ የሶማሌ ተወላጆችን ጨምሮ መካከለኛ ገቢ ያላቸው የብዙ ማኅበረሰብ ሰዎች ይኖሩበታል። በዘር የተበጀው አጥር ሲፈርስ ግን የመሬት ዋጋ ቦታውን ተካ፤ ሰፋፊዎቹ ግቢዎች ዛሬም በምዕራብና በሰሜን ናቸው፣ ምሥራቁም እንደተጨናነቀ ነው።